የስዊች አክሰስ ሊስት፦ የትኛው ዓይነት፣ የት ላይ፣ እንዴት ይቀየር?

ባለፈው ክረምት ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ካለ ክሊኒክ ተደወለልኝ። ወረፋ ይጠብቅ የነበረ አንድ ታካሚ በእንግዳ ዋይፋይ ገብቶ፣ የካሜራ መቅጃውን መግቢያ ገጽ በስልኩ ከፍቶት ነበር። ፓስወርዱን አልሰበረም። ለኃላፊዋም ያሳያት ራሱ ነው። ግን ገጹ ጭራሽ ሊታየው አይገባም ነበር።

ስዊቹ፣ የክሊኒኩን የኔትወርክ ኬብሎች የሚያገናኘው ሣጥን፣ ማኔጅድ ነው፤ ማለትም ቅንብሩ ሊቀየር ይችላል። ቪላኖቹ፣ ማለትም በአንድ ስዊች ላይ የተለያዩት ኔትወርኮች፣ በሥርዓት ተከፍለዋል፦ 10 ካርድ ክፍልና ቢሮ፣ 20 ላቦራቶሪ፣ 30 የእንግዳ ዋይፋይ፣ 40 ካሜራ። የጎደለው አክሰስ ሊስት፣ ማለትም ማን ወዴት ማለፍ እንደሚችል የሚናገረው የሕግ ዝርዝር፣ ብቻ ነበር። ሌየር 3 ስዊች ላይ ራውቲንግ (በኔትወርኮች መካከል ማስተላለፍ) ከበራ ከአንዱ ቪላን ወደ ሌላው የሚወስደው መንገድ ክፍት ነው። ቪላን ግድግዳውን ይሠራል፣ በሩን ግን አይጠብቅም።

በሩን ለመጠበቅ ደግሞ አማራጩ ብዙ ነው። ስታንዳርድ ወይስ ኤክስቴንድድ? ፖርት ላይ ወይስ ቪላን ላይ? በቁጥር ወይስ በስም? እኔ ሁሉንም የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ከስድስት ወር በኋላ፣ ምናልባትም በሌላ ሰው እጅ፣ ሲቀየር ምን ይፈጠራል? ዝርዝር መጻፍ አይከብድም። የሚከብደው ሰው ሥራ ላይ እያለ የሚሠራን ዝርዝር መንካት ነው።

ዘበኛው ወረቀቱን እንዴት ያነባል?

የቡና መጋዘን በር ላይ ወረቀት ይዞ የቆመ ዘበኛ አስቡ። መኪና ሲመጣ ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች ያነባል። የሚገጥም መስመር ሲያገኝ እዚያው ያቆማል። መስመሩ ፐርሚት ካለ ያስገባል፣ ዲናይ ካለ ይመልሳል። ከዚያ በታች ያለውን አያይም። ስለዚህ "ሁሉም ይግባ" የሚል መስመር ከላይ ከተጻፈ፣ ከሥሩ ያለው ክልከላ በሙሉ ዋጋ የለውም።

ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ መኪናስ? ሲስኮ፣ አሩባና ጁኒፐር በሚባሉት ብራንዶች ላይ ይመለሳል። የማይታይ የመጨረሻ "ዲናይ" አለ። ማይክሮቲክ ላይ ተቃራኒ ነው፤ ያልተጻፈው ያልፋል። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትዛወሩ ዝርዝሩን እንዳለ ብትገለብጡት ወይ ሁሉም ይዘጋል፣ ወይ ሁሉም ይከፈታል። እኔ የትኛውም ብራንድ ላይ የመጨረሻውን መስመር በግልጽ እጽፈዋለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው ሰው እንዳይገምት።

ስታንዳርድ ወይስ ኤክስቴንድድ?

ይህኛው ምርጫ ቀላል ነው። ስታንዳርድ የሚያየው ከየት እንደመጣ ብቻ ነው። ኤክስቴንድድ ከየት፣ ወዴት፣ በምን ፕሮቶኮል፣ በየትኛው ፖርት ቁጥር (የኬብሉ መሰኪያ ሳይሆን የአገልግሎቱ መለያ) ብሎ ይለያል። "እንግዳ ወደ ኢንተርኔት ይሂድ፣ ወደ ካሜራ ግን አይሂድ" ማለት የሚችለው ኤክስቴንድድ ነው።

ስታንዳርድን ዛሬም የምወድበት አንድ ቦታ አለ፤ ስዊቹን ራሱን ማን ይግባበት የሚለው ላይ። በኤስኤስኤች (ከርቀት በተመሰጠረ መንገድ) መግባት የሚፈቀድላቸውን ሁለት ሦስት አድራሻዎች ጽፌ ቪቲዋይ በሚባሉት የርቀት መግቢያ መስመሮች ላይ አስራለሁ። አጭር ነው፣ አይወሳሰብም። ያልተመሰጠረውን መግቢያ ቴልኔትን፣ ማለትም ፖርት 23ን፣ እዚያው አጥፉት።

የት ላይ ይታሰር?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ቦታ አለ።

አንደኛው ፊዚካል ፖርቱ፣ ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ፣ ራሱ ነው። ይህ ዘበኛን እያንዳንዱ ክፍል በር ላይ እንደማቆም ነው። በዚያ ፖርት የሚገባ ማንኛውም ነገር፣ እዚያው ቪላን ውስጥ ላለ ጎረቤት የተላከ እንኳ፣ ይፈተሻል። ጥብቅ ነው። ችግሩ ሲቀየር ነው። ሰው ጠረጴዛ ይቀይራል፣ ኬብሉ ከፖርት 7 ወደ ፖርት 15 ይዛወራል፣ ሕጉ ግን ፖርት 7 ላይ ይቀራል። ባለ 24 ፖርት ስዊች ላይ ይህን ዓመት ሙሉ መከታተል አድካሚ ነው። በዚያ ላይ ብዙ ስዊቾች ፖርት ላይ የሚፈቅዱት የሚገባውን መፈተሽ ብቻ ነው፣ የሚወጣውን አይደለም። የማይንቀሳቀስ ዕቃ ላይ ግን ይሄ አሪፍ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካሜራ ከፖርቱ አይነሳም።

ሁለተኛው የቪላኑ ኢንተርፌስ ነው፤ ቪላኑ ጌትዌዩን (ወደ ሌላ ኔትወርክ መውጫውን) የሚያገኝበት። ይህ ዘበኛውን የግቢው በር ላይ እንደማቆም ነው። ከግቢ የሚወጣ ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል፣ አንድ ወረቀት ይበቃል። ሰው ጠረጴዛ ቢቀይር ለውጥ የለም። የማይችለው ነገር ቢኖር ግቢ ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤት የሚያወራውን መስማት ነው። አንድ ቪላን ውስጥ ያሉ ሁለት ስልኮች ቢገናኙ ይህ ዝርዝር አያያቸውም። ለዚያ ፕሮቴክትድ ፖርት (ፖርቶች እርስ በርስ እንዳይገናኙ የሚያደርገውን) ወይም ዋይፋይ በሚያሰራጨው አክሰስ ፖይንት ላይ ያለውን የእንግዳ መለያ መጠቀም ይቀላል።

ሦስተኛው የቪላን ማፕ ነው። በቪላኑ ውስጥ የሚንቀሳቀሰውንም፣ የሚገባውንና የሚወጣውንም አንድ ላይ ይይዛል። አቅጣጫ የለውም። ኃይለኛ ነው፤ ግን አንድ የተሳሳተ መስመር ሙሉ ቪላኑን ጸጥ ያሰኘዋል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ከሚማሩ ልጆች ጋር ስሠራ በመጀመሪያ እንዳይነኩት የምነግራቸው እሱን ነው። ተማሪዎች ኮምፒውተር ለኮምፒውተር እንዳይገናኙ የሚፈልግ የትምህርት ቤት ላብ ካልሆነ በቀር ለትንሽ ቢሮ አያስፈልግም።

ለክሊኒኩ የመረጥኩት ሁለተኛውን ነው። ቪላን 30 ኢንተርፌስ ላይ፣ የሚገባው አቅጣጫ ላይ። "የሚገባ" የሚባለው ከስዊቹ አንጻር ነው። ከእንግዳው ስልክ ተነስቶ ወደ ስዊቹ የሚመጣው "ኢን" ነው። ይህን ገልብጦ ያሰረ ሰው ዝርዝሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ለምን እንደማይሠራ ሲፈልግ ያመሻል።

መስመሮቹ አራት ብቻ ነበሩ፦

10፦ ስልኩ አይፒ አድራሻ እንዲጠይቅ ዲኤችሲፒን (አድራሻ አዳዩን) ፍቀድ፣ ዩዲፒ (ግንኙነት ሳይመሠርት የሚልክ ፕሮቶኮል) ከ68 ወደ 67።
20፦ ከ192.168.30.0 ወደ ዲኤንኤስ ሰርቨሩ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ ወደሚቀይረው) 192.168.10.5፣ ዩዲፒ 53 ብቻ ፍቀድ።
30፦ ከ192.168.30.0 ወደ ማንኛውም 192.168 የሚጀምር አድራሻ ከልክል።
40፦ ከ192.168.30.0 ወደ ሌላ ሁሉ ፍቀድ።

መስመር 10ን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አድራሻ ገና ያላገኘ ስልክ ጥያቄውን የሚልከው ከ0.0.0.0 ወደ 255.255.255.255 ነው፤ ከ192.168.30 አይደለም። ስለዚህ ያለ መስመር 10 የማይታየው ዲናይ ይይዘዋል። ክፋቱ ወዲያው አለመታወቁ ነው። ቀድሞ አድራሻ የያዘው ስልክ ይሠራል፣ ነገ ጠዋት አዲስ የሚመጣው ግን አይገባም።

መስመር 30 ደግሞ የጌትዌዩን አድራሻ 192.168.30.1ንም ይዘጋል። እንግዳው ጌትዌዩን ፒንግ ቢያደርግ (አለህ ወይ ብሎ ቢጠይቅ) መልስ አያገኝም፤ ኢንተርኔቱ ግን ይሠራል። አትደንግጡ። እንግዳ የስዊቹን መግቢያ ገጽ እንዳያይ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

የአድራሻውን ክልል በሚወስነው ማስክ ላይም አንድ ቃል። ሲስኮ ላይ ዋይልድካርድ ይጻፋል። 255.255.255.0 የነበረው 0.0.0.255 ይሆናል። ሌሎች ብራንዶች፣ ለምሳሌ ማይክሮቲክ፣ /24 ብለው ይቀበላሉ። ማስኩን ገልብጣችሁ ብትጽፉ ስዊቹ ስሕተት ነው አይላችሁም። ዝም ብሎ ሌላ አድራሻ ይይዛል።

በማክ አድራሻ ልከልክል?

በማክ አድራሻ፣ ማለትም በዕቃው የኔትወርክ መለያ ቁጥር፣ መከልከል ለስልክ አይሆንም። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ ስልኮች ለእያንዳንዱ ዋይፋይ የተለየ የዘፈቀደ ማክ ይጠቀማሉ። ዝርዝራችሁ ባለቤቱ በማያውቀው ምክንያት ይበላሻል። በዚያ ላይ ብዙ የሲስኮ ካታሊስት ስዊቾች ላይ የማክ አክሰስ ሊስት የአይፒ ትራፊክን አይፈትሽም። ለካሜራና ለፕሪንተር ግን ፖርቱ የሚያውቀውን ማክ ብቻ የሚያስገባ፣ ፖርት ሴኩሪቲ የሚባል የተለየ ነገር አለ፤ እሱን ተጠቀሙ።

በሰዓት የሚሠራው ዝርዝርስ?

የሆቴል ባለቤቶች ይወዱታል። "ከማታ 4 ሰዓት በኋላ የሠራተኛ ዋይፋይ ይዘጋ" ይላሉ። ይቻላል። ግን ብዙ ትናንሽ ስዊቾች የሰዓት ባትሪ የላቸውም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓታቸው ወደ ድሮ ቀን ይመለሳል። በኤንቲፒ (ሰዓትን ከኔትወርክ በሚያስተካክለው) እስኪስተካከል ድረስ ዝርዝሩ ቀንና ማታን ያምታታል። ጅማ ላይ ክረምት መብራት ሲመላለስ ምን እንደሚሆን እናንተው አስቡት። አስተማማኝ ዩፒኤስና ኤንቲፒ ከሌለ እምቢ በሉ። ሲኖርም ስዊቹ የሚያውቀው 22:00ን እንጂ ማታ 4 ሰዓትን አይደለም። ሰዓቱን በሁለቱም አጻጻፍ ማስታወሻ ላይ አስቀምጡ።

በቁጥር ወይስ በስም?

በስም። ለዚህ ክርክር አልገባም።

ሲስኮ ላይ ስታንዳርድ ከ1 እስከ 99 እና ከ1300 እስከ 1999፣ ኤክስቴንድድ ከ100 እስከ 199 እና ከ2000 እስከ 2699 ነው። "101" የሚል ቁጥር ከዓመት በኋላ ለማንም ምንም አይነግርም። ከዚህ የከፋም አለ። በድሮው አጻጻፍ "ኖ አክሰስ-ሊስት 101" ብላችሁ አንድ መስመር ለማጥፋት ብትሞክሩ የሚጠፋው ሙሉ ዝርዝሩ ነው።

በስም ሲሆን ዝርዝሩ ውስጥ ገብታችሁ "ኖ 30" ትላላችሁ፣ ያ መስመር ብቻ ይነሳል። በ20 እና በ30 መካከል አዲስ ለመክተት "25" ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ስዊቹ በራሱ በ10 እየዘለለ የሚቆጥረው ለዚህ ነው። ቦታው ሲያልቅ ሪሲኩዌንስ የሚለው ትእዛዝ ቁጥሩን እንደገና ያሰፋዋል። ከዚህ በፊት በቁጥር የተሠራ ካገኛችሁም አትደናገጡ። ያንኑ ቁጥር እንደ ስም አድርጋችሁ መክፈትና መስመር በመስመር ማረም ይቻላል።

ሪማርክ የሚባለውን መስመር ተጠቀሙበት። ለምን እንደተፈቀደ፣ ማን እንደጠየቀ፣ መቼ እንደሆነ ሐሳቡን በአማርኛ፣ ፊደሉን ግን በላቲን ጻፉት። ቀኑ በእኛ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ለዩ። የስዊቹ ሎግ በፈረንጅ ነው የሚጽፈው።

የለውጡ መንገድ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ማታ ላይ ቆጪ ካለው ቤቴ ሆኜ የአንድ ሆቴል ስዊች ላይ ገባሁ። አንድ መስመር ልጨምር ነበር። ዝርዝሩ ስለተዘበራረቀ አጥፍቼ ከሥር ልጽፈው ወሰንኩ። ዝርዝሩን አጠፋሁ፣ ምንም አልሆነም። ሲስኮ ላይ ኢንተርፌስ ላይ የታሰረ ግን ባዶ የሆነ ዝርዝር ሁሉንም ያሳልፋል። የመጀመሪያውን መስመር ስጽፍ ግን የማይታየው ዲናይ ከሥሩ ተነሳ። የእኔም ኤስኤስኤች የሚያልፈው በዚያው ኢንተርፌስ ነበር። ስክሪኑ ቆመ። የሆቴሉ ሪሴፕሽንም ቆመ።

ሴቭ ስላላደረግኩ ስዊቹን ነቅሎ መሰካት ይበቃ ነበር። ለሪሴፕሽኒስቷ ደወልኩላት። "ሣጥኑ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ንብረት ክፍል ጋ ነው፣ እሱ ደግሞ ወጥቷል" አለችኝ። በዝናብ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። እንግዶች መኝታ ክፍል ሊይዙ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ያን ምሽት እስካሁን አልረሳውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል።

ከዚያ በኋላ ሦስት መንገዶችን በደንብ አወዳደርኩ።

የመጀመሪያው በሚሠራው ዝርዝር ላይ መስመር በመስመር ማረም ነው። አንድ መስመር መጨመር ብቻ ከሆነ ፈጣን ነው። ሁለት ሦስት መስመር ከሆነ ግን በመካከል ያለችው ደቂቃ አደገኛ ናት። ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ሰው እየሠራበት ነው።

ሁለተኛው ዝርዝሩን ከኢንተርፌሱ ፈትቶ፣ አርሞ፣ መልሶ ማሰር ነው። ራስን ውጭ መቆለፍ አያመጣም። ግን እስክትጨርሱ በሩ ያለ ዘበኛ ነው። ክሊኒክ ላይ ይህን አልወደውም።

ሦስተኛው፣ የምመርጠው፣ አዲስ ዝርዝር በሌላ ስም ጽፎ መጨረስና በአንድ ትእዛዝ መተካት ነው። አሮጌው ሳይነካ ይቀመጣል። አዲሱን ኢንተርፌሱ ላይ ስታስሩት በዚያ አቅጣጫ የነበረውን ይተካል። ችግር ካለ የአሮጌውን ስም መልሳችሁ በአንድ መስመር ታስራላችሁ። ረጋ ብሎ ማንበብ፣ ለሌላ ሰው ማሳየት ይቻላል። ከሳምንት በኋላ አሮጌውን ታጠፋላችሁ። ብቸኛው ጉዳቱ በስዊቹ ሃርድዌር ማህደረ ትውስታ ላይ ቦታ ሊይዝ መቻሉ ነው። ዝርዝሮች ቲካም በሚባል ውስን ማህደረ ትውስታ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሲሞላ አንዳንዱ ስዊች አልቀበልም ይላል፣ አንዳንዱ ሥራውን ወደ ሲፒዩ አውርዶ ይንቀራፈፋል። ያልታሰረ ዝርዝር ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን ቦታ አይበላም።

ከየትኛውም ጋር መመለሻ ገመድ እሰሩ። እዚህ ላይ ብራንዶቹ በእውነት ይለያያሉ። ጁኒፐር በጣም ያምራል። "ኮሚት ኮንፈርምድ" ብላችሁ በ10 ደቂቃ ውስጥ ካላጸደቃችሁ ራሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ማይክሮቲክ ራውተርኦኤስ ላይ ሴፍ ሞድ አለ፤ ግንኙነታችሁ ከተቋረጠ ለውጡን ይመልሰዋል። ሲስኮ ላይ ብዙዎች የሚያውቁት "ሪሎድ ኢን 10" ነው። ከለውጡ በፊት ትሰጡታላችሁ፣ ሁሉም ደህና ከሆነ "ሪሎድ ካንስል" ትላላችሁ። ከተቆለፋችሁ ስዊቹ ተነስቶ ሴቭ በተደረገው ይጀምራል። ለጥቂት ደቂቃ ሁሉም ይቋረጣል፣ ግን ባጃጅ ከመያዝ ይሻላል። አርካይቭ የተባለው፣ የቀድሞውን ቅንብር የሚያስቀምጠው፣ ከተዘጋጀ ስዊቹን ሳያስነሳ የሚመልስ የሪቨርት ሰዓት ቆጣሪም አለው፤ ጊዜ ሰጥታችሁ አዘጋጁት።

በዌብ ገጽ ብቻ የሚስተካከሉ ርካሽ ስዊቾች አብዛኞቹ ይህ የላቸውም። ገጹ ለዓይን ይቀላል፣ መስመር በመዳፊት ይጨመራል። አንድ ሱቅና አራት ካሜራ ላለው ሰው ይበቃል። ከርቀት የሚቀየር ነገር ከሆነ ግን በእነሱ አትደገፉ። ቲፒ-ሊንክ ጄትስትሪም ላይ ደግሞ ለውጡን ተቀበል የሚለውና ሴቭ የሚለው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ሁለተኛውን የረሳ ሰው መብራት እስኪጠፋ ድረስ የሠራ ይመስለዋል። መብራት ሲመለስ እንግዳው እንደገና ካሜራው ጋ ነው። ሄርማታ ገበያ አካባቢ ሁለት ሱቅ ላይ ያገኘሁት ችግር ይኸው ነበር።

ስዊቹ የማይችለው

ክሊኒኩ ላይ ሌላም ጥያቄ መጣ። "ካሜራው ወደ ቢሮ እንዳይደርስ ዝጋ፣ እኔ ግን ከቢሮ ካሜራውን ልይ" አለችኝ ኃላፊዋ። ሐሳቧ ትክክል ነው። ግን የስዊች አክሰስ ሊስት ማን ቀድሞ እንደጀመረ አያስታውስም። ከካሜራው የሚመጣው የእሷ ጥያቄ መልስ መሆኑን አያውቅም፤ ዲናይ ካለ መልሱንም ይጥለዋል።

ለቲሲፒ (ግንኙነት መሥርቶ ለሚልከው ፕሮቶኮል) "ኢስታብሊሽድ" የሚል ቃል ይረዳል። የመልስ ምልክት ያለበትን ፓኬት ብቻ ያሳልፋል። ምልክቱን አስመስሎ የላከን ግን አይለይም። ምስሉ በዩዲፒ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። እኔ ምስሉን በቲሲፒ አድርጌ፣ ከመቅጃው አድራሻ ብቻ ኢስታብሊሽድን ፈቀድኩ። ይህ ዓይነት ጥያቄ ከሁለትና ከሦስት በላይ ከሆነ የእነዚያን ቪላኖች ራውቲንግ ከስዊቹ አውጥታችሁ ፋየርዎል ላይ አድርጉ። ፋየርዎል ያስታውሳል። ፍጥነቱ ከስዊች ያንሳል፣ ገንዘብም ይጠይቃል፤ ግን ዝርዝሩ ግማሹን ያጥራል።

አዲሱን የአድራሻ ሥርዓት፣ አይፒ ቨርዥን 6ንም፣ አትርሱ። ለአይፒ ቨርዥን 4 የተጻፈ ዝርዝር እሱን አይነካም። ካልተጠቀማችሁበት ቪላኑ ላይ አጥፉት፣ ከተጠቀማችሁበት የራሱን ዝርዝር ጻፉለት።

ከቀየራችሁ በኋላ

"ሾው አክሰስ-ሊስትስ" ላይ የሚታየውን ቆጣሪ ብቻ አትመኑ። ብዙ ካታሊስት ስዊቾች ላይ በሃርድዌር ያለፈው ፓኬት እዚያ አይቆጠርም፤ ዜሮ አይታችሁ አልሠራም ትላላችሁ። በእጃችሁ ሞክሩ። ስልካችሁን ከእንግዳ ዋይፋይ አውጥታችሁ መልሱት፣ አዲስ አድራሻ ያግኝ። የካሜራውን አድራሻ ክፈቱ፤ መከፈት የለበትም። ከካርድ ክፍል አንድ ወረቀት አትሙ። ላቦራቶሪ ግቡና ውጤት ወደ ሐኪሙ ክፍል ይሄድ እንደሆነ ጠይቁ። መከልከል ያለበት መከልከሉን ብቻ ሳይሆን፣ ማለፍ ያለበት ማለፉንም እዩ። ከዚያ ሪሎዱን ሰርዙ፣ ሴቭ አድርጉ፣ ኮንፊገሬሽኑን ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ስዊቹን በቀጥታ ከላፕቶፕ የሚያገናኘውን የኮንሶል ኬብል ሣጥኑ ውስጥ ተዉት፣ የሣጥኑን ቁልፍ ደግሞ ማታም ከሚገኝ ሰው ጋ።

ከተማው ጫፍ ላይ ያለ አንድ የቡና መጋዘን አሁን ሚዛን ቤቱን ከቢሮው እንድለይለት ጠይቆኛል። አዲሱ ዝርዝር ተጽፎ አልቋል፣ በሌላ ስም ስዊቹ ላይ ተቀምጧል። አላሰርኩትም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ሲገባ መኪናው ከሚዛኑ ፊት ተሰልፎ ይቆማል። ጥር ላይ፣ እሑድ ጠዋት፣ እዚያው ቆሜ አስረዋለሁ።